«ሃቭ» እና «ሃዝ»፦ ዕቃውን ሳይሆን ባለቤቱን እዩ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ፣ የስልክ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ፈረንጅ መጣና «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ቻርጀር?» አላት። ቻርጀር ሞልቷል። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ሃያ የሚሆን ተሰቅሏል። ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች፣ ከዚያ «የስ፣ አይ አም ሃቭ» አለች። ሰውዬው ገባው፤ ገዝቶ ሄደ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ «ተበላሸ አይደል?» አለችኝ።

አዎ፣ ተበላሽቷል። ግን የተበላሸው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምራለች። የተበላሸው ገና ከመጀመሪያው የተነገራት ነገር ጎዶሎ ስለነበር ነው። «ሃቭ ማለት አለኝ ማለት ነው፣ ሃዝ ማለት አለው ማለት ነው» ተብላ ነው ያደገችው። እኔም እንደዚያ ተብዬ ነው ያደግኩት፤ እናንተም ሳትባሉ አልቀራችሁም።

ማታ ማታ ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ለሱቅ ልጆች እና ከሐረር ለሚመጡ ሁለት ሦስት አስጎብኚዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስድብን ይህች አንዲት ቃል ናት። ስለዚህ እዚያ የምናወራውን እዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው፤ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። በዓይን ብቻ ያለፈ ነገር ደንበኛ ፊት አፍ ላይ አይመጣም።

መጀመሪያ አማርኛችንን እንየው። «ወንድም አለኝ» ስንል ያለው ማን ነው? ወንድሜ ነው። «ኝ» የምትለዋ ደግሞ የእኔ መሆኑን ትናገራለች። አሁን ወንድሙን በእህት ቀይሩት፦ «እህት አለችኝ»። ልጆች አድርጉት፦ «ልጆች አሉኝ»። እኔ አልተቀየርኩም፣ ያው እኔ ነኝ፣ ግሱ ግን ሦስት መልክ ያዘ። ለምን? ግሱ የሚያየው ያለውን ነገር እንጂ እኔን ስላልሆነ ነው። ትምህርት ቤት ባለቤት እና ተሳቢ እየተባለ የተማርነውን አስታውሱ፤ «እህት አለችኝ» ውስጥ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እህቴ ናት።

እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል። «አይ ሃቭ ኤ ብራዘር።» «አይ ሃቭ ኤ ሲስተር።» «አይ ሃቭ ስሪ ቺልድረን።» ወንድም ሆነ እህት፣ አንድ ሆነ ሦስት፣ ግሱ ንቅንቅ አይልም። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ነገሩም ያለኝ እኔ ነኝ። ግሱ የሚቀየረው እኔ ከቦታዬ ተነስቼ ሌላ ሰው ሲገባ ብቻ ነው፦ «ሺ ሃዝ ኤ ብራዘር።» «ሂ ሃዝ ስሪ ቺልድረን።» ልጆቹ ሦስት ስለሆኑ «ሂ ሃቭ» አንልም። ልጆቹን አትዩ፣ አባትየውን እዩ። አንድ ሰው ነው? እንግዲያው ሃዝ።

ሁለተኛው ነገር ከዚሁ ይወጣል። «አለኝ» አንድ ቃል ነው፣ ግን ውስጡ ሁለት ሰው አለ፦ ያለው ነገር እና እኔ። «ሃቭ» ውስጥ ግን ማንም የለም፣ ባዶ ነው። «ሃቭ ቻርጀር» ብሎ ዝም ማለት «ቻርጀር» ብሎ ዝም እንደማለት ነው፤ የማን እንደሆነ አልተነገረም። ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ሰው አስቀምጡ፦ አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዜይ ከሃቭ ጋር፤ ሂ፣ ሺ፣ ኢት ከሃዝ ጋር። ሰንጠረዡ በቃ ይሄ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የሚሸመደድ ነገር የለውም።

«አይ አም ሃቭ» ከየት እንደሚመጣም እንይ። እንግሊዝኛ ሲጀመር መጀመሪያ የሚሸመደደው «አይ አም» ስለሆነ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ፤ ሰው «እኔ» ለማለት «አይአም» ይላል። «አም» ግን «ነኝ» ነው። «አይ አም ሃቭ» ማለት «እኔ ነኝ አለኝ» ማለት ነው። ከሃቭ ፊት አምን፣ ኢዝን፣ አርን አውጡ። ይህን አንዱን ብቻ ብታርሙ እንኳ ግማሹ ስህተታችሁ ይጠፋል።

አሁን ስሞችን እናስገባ። ሰው ስም ሲያይ ይደናገራል፤ «ማይ ብራዘር» ሃቭ ነው ሃዝ? ስሙን በልባችሁ በ«እሱ» ወይም በ«እሷ» ተኩት። ማይ ብራዘር ማለት እሱ፣ ስለዚህ ሃዝ። «ማይ ብራዘር ሃዝ ኤ ባጃጅ።» ወንድሜ እና እኔ ከሆንን «እኛ» ነን፣ ስለዚህ ሃቭ። «ማይ ብራዘር ኤንድ አይ ሃቭ ኤ ባጃጅ።» ከተማም አንድ ነው። «ድሬዳዋ ሃዝ ኤን ኦልድ ሬልዌይ ስቴሽን።» «ሐረር ሃዝ ፋይቭ ኦልድ ጌትስ።» ጀጎል ማለት በግንብ የተከበበችው የድሮዋ ሐረር ናት። ጥንታዊ በሮቿ አምስት ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ግን በሮቹ ያሏት ሐረር ናት፣ ሐረር ደግሞ አንድ ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ ጽፏል። ለአስጎብኚዎቹ ልጆች የምሰጣቸው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ጀጎል ሃዝ ኤይቲ ቱ ሞስክስ።» 82ም ይሁን 1 ሃዝ አይነቃነቅም። ስለ በሮቹ ማውራት ከጀመራችሁ ግን ባለቤቶቹ በሮቹ ራሳቸው ይሆናሉ፤ ያኔ «ዘ ጌትስ ሃቭ ኔምስ» ትላላችሁ፣ በሮቹ ስም አላቸው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ አስተማሪ የማያየው ጉድጓድ ያለው እዚህ ነው። አንዲት የሳቢያን ሰፈር ልጅ ደብተሯ ላይ «ማይ ግራንድማዘር ሃቭ ስሪ ጎትስ» ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ልሰርዝ ስል ቆም አልኩና ለምን ሃቭ አልሽ ብዬ ጠየቅኳት። «አያቴ ሦስት ፍየሎች አሏቸው ነው የሚባለው፤ አያቴን እንዴት አላት እላለሁ?» አለችኝ። ልጅቷ አልሳተችም፣ አክብራ ነው። አማርኛ ላይ «አላቸው» ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ለብዙዎች፣ አንዱ ለአንድ ለተከበረ ሰው። እንግሊዝኛ ላይ ግን ለሦስተኛ ሰው አንቱታ የለም። አያትም፣ ሐኪምም፣ ሼህም፣ ቄስም፣ የክፍል አለቃም አንድ ሰው ከሆኑ ሂ ወይም ሺ ናቸው፣ ግሱም ሃዝ ነው። «ማይ ግራንድማዘር ሃዝ ስሪ ጎትስ።» ይህ ድፍረት አይደለም፣ በዚያ ቋንቋ ማንም አይቀየምም። አክብሮቱን በድምፃችሁና በሌላ ቃል ታሳያላችሁ፤ ሃቭ ውስጥ ልትከቱት አትሞክሩ። በአማርኛ ስታስቡ «አሏቸው» የሚል ከመጣላችሁ ቆም በሉና ቁጠሩ፦ ስንት ሰው ናቸው? አንድ ከሆኑ ሃዝ።

በተቃራኒው ደግሞ «ፒፕል» አለ። አማርኛ ላይ «ሕዝቡ ችግር አለበት» ብለን በነጠላ እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ላይ ፒፕል ሰዎች ነው፣ ስለዚህ «ፒፕል ሃቭ»። «ኤቭሪባዲ» ግን «ሁሉም» ማለት ቢሆንም በነጠላ ነው የሚሄደው፦ «ኤቭሪባዲ ሃዝ ኤ ፎን።» ለምን ብትሉኝ «እያንዳንዱ ሰው» ብላችሁ ብታስቡት ይቀላል። «ፋሚሊ» በሁለቱም ይባላል፤ አሜሪካኖች ሃዝ ይላሉ፣ እንግሊዞች ሃቭም ይላሉ። በዚህ አትጨነቁ።

ስለ አነጋገሩ ሁለት ነገር ብቻ። የመጨረሻዋ ድምፅ «ቭ» ናት፤ «ሃብ» ወይም «ሃፍ» አይደለችም፣ ሃፍ ግማሽ ነው። የታችኛው ከንፈራችሁ የላይኛውን ጥርስ ነካ አድርጎ ይንቀጥቀጥ። ሃዝ ደግሞ ሲጻፍ መጨረሻው ኤስ ቢሆንም ሲነበብ «ዝ» ነው። ሌላው «ኤ» የምትባለዋ ትንሽ ቃል ናት። አማርኛ ላይ «ባጃጅ አለኝ» እንላለን፣ «አንድ ባጃጅ» ማለት አያስፈልገንም። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠር አንድ ነገር ራቁቱን አይሄድም፦ «አይ ሃቭ ኤ ባጃጅ።» የማይቆጠረው፣ ውሃ፣ ስኳር፣ ገንዘብ፣ ጊዜ፣ ኤ አይወስድም፦ «አይ ሃቭ ታይም።»

ወደ «የለኝም» እንሂድ። «አይ ኖ ሃቭ»፣ «ኖት ሃቭ»፣ «አይ አም ኖት ሃቭ» ሁሉንም ሰምቻለሁ። ትክክለኛው «አይ ዶንት ሃቭ» ነው። «አይ ዶንት ሃቭ ቼንጅ»፣ ዝርዝር የለኝም። ባጃጅ ለምትነዱ ይህች ዓረፍተ ነገር በቀን አምስት ጊዜ ታስፈልጋችኋለች።

ሂ፣ ሺ፣ ኢት ላይ ዶንት ወደ «ዳዝንት» ይቀየራል። ሃዝ ምን ይሆናል? እዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚወድቀው። «ሺ ዳዝንት ሃዝ» ይላሉ። አይባልም። «ሺ ዳዝንት ሃቭ» ነው። እኔ እንዲህ ነው የማስረዳው፦ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ዝ» አንድ ብቻ ናት። ዳዝ ሲመጣ ዝዋን ቀምቶ ይወስዳል፣ ሃዝ ባዶውን ቀርቶ ሃቭ ይሆናል። ዳዝ ውስጥ ዝ ከሰማችሁ ሁለተኛ አትጨምሩ። በጥያቄም እንደዚያው ነው፦ «ዳዝ ሂ ሃቭ ኤ ሲስተር?» በአላፊ ጊዜም እንደዚያው፦ «ዲድ ዩ ሃቭ?» እንጂ «ዲድ ዩ ሃድ?» አይደለም፤ ያለፈ መሆኑን ዲድ ተናግሮታል፣ ሃድ መድገም የለበትም።

«ዱ ዩ ሃቭ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ አጭሩ መልስ «የስ፣ አይ ዱ» ወይም «ኖ፣ አይ ዶንት» ነው። የጠየቃችሁ ዱ ስለሆነ መልሱንም ዱ ይወስደዋል። ሰው «የስ፣ አይ ሃቭ» ቢል ይገባል፣ ጆሮ ላይ ግን ሻካራ ነው። «ዩ ሃቭ ቻርጀር?» ብሎ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጠየቅም መንገድ ላይ ይሠራል፤ ፈተና ላይ ግን አይሠራም፣ ሥራ ፍለጋ የገባችሁበት ቢሮም አይረዳችሁም። ዱ የምትለውን ልመዱ፣ አትከብድም።

«ምንም የለኝም» ሌላ ወጥመድ አለው። አማርኛ ላይ «ምንም» ካልን መጨረሻው የግድ አሉታ ይሆናል፤ «ምንም አለኝ» ቢባል ቋንቋው አይቀበለውም። እንግሊዝኛ አንዱን አሉታ ብቻ ነው የሚፈልገው። ወይ «አይ ሃቭ ናቲንግ» ትላላችሁ፣ ወይ «አይ ዶንት ሃቭ ኤኒቲንግ»። «አይ ዶንት ሃቭ ናቲንግ» አንዳንድ ዘፈን ላይ ትሰማላችሁ፣ በደንበኛው ሰዋስው ግን ስህተት ነው። ገንዘብም ላይ ያው ነው፦ «አይ ሃቭ ኖ መኒ» ወይም «አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ መኒ»።

አሁን ወደ ሱቅ እንመለስ። እኛ ሱቅ ስንሄድ ምን ብለን ነው የምንጠይቀው? «ስኳር አለ?» ነው። «አለህ ወይ?» አንልም፣ «አለ?» ብቻ። ባለሱቁም «አለ» ወይም «የለም» ይላል። የማን እንደሆነ ማንም አላነሳም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ባለሱቁን ነው የሚጠይቀው፦ «ዱ ዩ ሃቭ ሹገር?» ስለዚህ ስትገዙ «ሹገር ኢዝ ዜር?» አትበሉ፤ «ዱ ዩ ሃቭ ሹገር?» በሉ። ስትሸጡም «የስ፣ ዊ ዱ» ወይም «ሶሪ፣ ዊ ዶንት ሃቭ ኢት ቱዴይ» በሉ። ሱቁ ውስጥ ብቻችሁን ብትሆኑ እንኳ «ዊ» ማለት ያምራል፤ ስለ ሱቁ ነው የምታወሩት።

«አለ» በአማርኛ ብዙ መልክ ስላለው ነው ይህ ሁሉ ግርግር። «ወንድሜ ቤት አለ» ስል ወንድሜ የሚገኝበትን ቦታ ነው የምናገረው፤ እዚያ ሃቭ አይገባም፣ «ማይ ብራዘር ኢዝ ኣት ሆም» ነው። «ድሬ ውስጥ ብዙ ባጃጅ አለ» ስል መኖሩን ነው፣ ባለቤት የለውም፤ «ዜር አር ሜኒ ባጃጅስ ኢን ድሬዳዋ» ይባላል። ብዙ ሰው «ኢን ድሬዳዋ ሃዝ ሜኒ ባጃጅስ» ይላል። «ኢን» ካላችሁ ድሬዳዋ ቦታ ሆነች፣ ባለቤትነቷን አጣች፣ ስለዚህ ሃዝ የሚደገፍበት ሰው አጣ። ወይ ኢንን አውጥታችሁ «ድሬዳዋ ሃዝ» በሉ፣ ወይ በ«ዜር ኢዝ»፣ «ዜር አር» ጀምሩ። መለያው ቀላል ነው። አማርኛው ላይ «አለ» መጨረሻው ላይ ነገሩ ያለውን ሰው ምልክት ከጨመረ፣ አለኝ፣ አለው፣ አላት፣ አላቸው፣ ሃቭ ይፈልጋል። ምልክት ከሌለው፣ ቅድም ካየነው የሱቁ «አለ?» በቀር፣ አይፈልግም።

«እኔ ጋ ነው ያለው» የሚለውስ? ጓደኛችሁ ቁልፉን ፈልጎ ሲያጣ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ትሉታላችሁ። ቁልፉ የእናንተ አይደለም፣ ግን እናንተ ዘንድ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ይህም ሃቭ ነው፦ «አይ ሃቭ ዩር ኪ።» ሃቭ የግድ የራስ ንብረት ማለት አይደለም፤ እጄ ላይ አለ ማለትም ይሆናል። በሕግ የእኔ ነው ለማለት ከፈለጋችሁ «ኦውን» የሚል ሌላ ግስ አለ። የሰው ባጃጅ እየነዳችሁ «አይ ሃቭ ኤ ባጃጅ፣ በት አይ ዶንት ኦውን ኢት» ብትሉ ፍጹም ትክክል ነው፣ ብዙ የድሬ ሾፌርም ኑሮው ይኸው ነው።

ስለ ጊዜ። አማርኛ እዚህ ግሱን ራሱን ይቀይራል፦ አለኝ፣ ነበረኝ፣ ይኖረኛል። እንግሊዝኛ ለ«ነበረኝ» ሃድ ይላል፣ እና ደስ የሚለው ነገር ሃድ ለሁሉም አንድ ነው። አይ ሃድ፣ ሺ ሃድ፣ ዜይ ሃድ። የሃዝ ጭንቀት እዚህ የለም። ለ«ይኖረኛል» ዊል ሃቭ፣ እሱም ለሁሉም አንድ፤ «ሺ ዊል ሃዝ» አይባልም። ለአላፊው የምወደው ምሳሌ የራሳችን ታሪክ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917። ስለዚህ፦ «ኢን 1902፣ ድሬዳዋ ሃድ ኤ ሬልዌይ። አዲስ አበባ ዲድንት ሃቭ ዋን።» ሃድ እና ዲድንት ሃቭ ጎን ለጎን። አንድ ተማሪዬ፣ አባቱ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሳተውም።

«ቢኖረኝ» ስትሉም ሃድ ይመጣል። «ገንዘብ ቢኖረኝ ባጃጁን እገዛው ነበር» የሚለው ስለ ትናንት ሳይሆን ስለ አሁን ነው፣ ግን እንግሊዝኛው «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ዘ ባጃጅ» ይላል። እኛም «ነበር» ብለን ስለምንጨርስ ይህ ሊገርመን አይገባም።

ለንብረት «ሃቪንግ» አትበሉ። «አይ አም ሃቪንግ ኤ ባጃጅ» አይባልም። ሃቪንግ የሚመጣው ሃቭ ሌላ ትርጉም ሲይዝ ነው፤ ለምሳሌ ስትበሉ። «ዊ አር ሃቪንግ ላንች»፣ ምሳ እየበላን ነው። ምሳ ይበላል፣ ባጃጅ አይበላም፤ ልዩነቱ ይሄ ነው።

በሽታ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ፊትና ጀርባ ናቸው። እኛ «ጉንፋን ይዞኛል» እንላለን፣ ያዡ ጉንፋኑ ነው። እነሱ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ይላሉ፣ ያዡ ሰውየው ነው። ራስ ምታትም «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»። ረሃብና ጥማት ግን ሃቭ አይወስዱም፤ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ተርስቲ» ነው። ዕድሜም አይወስድም። ድሬ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጋር የኖሩ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ አባቶች አሉ፤ ፈረንሳይኛ ላይ ዕድሜ በ«አለኝ» ነው የሚነገረው፣ ሃያ ዓመት አለኝ እንደማለት። ከእነሱ የሰማ ልጅ «አይ ሃቭ ትዌንቲ ይርስ» ሊል ይችላል። እንግሊዝኛው እንደ አማርኛው ነው፣ በ«ነኝ» ይሄዳል፦ «አይ አም ትዌንቲ።»

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። «አለኝ» ላይ «ብ» ስታስገቡ ምን ይሆናል? «አለብኝ»። «መሄድ አለብኝ።» እላዬ ላይ ጭነት አለ ማለት ነው። እንግሊዝኛም በዚሁ ቃል ነው የሚሄደው፣ ሃቭ ላይ «ቱ» ይጨምራል፦ «አይ ሃቭ ቱ ጎ።» ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ባለ ነገርና በግዴታ መካከል አንድ ዓይነት መንገድ ቀየሱ። ሲነገር «ሃፍ ቱ» ይሆናል፤ ቭዋ ቱ አጠገብ ስትደርስ ትደክማለች። ሃዝ ቱም «ሃስ ቱ» ነው የሚሰማው። «ሺ ሃስ ቱ ኦፕን ዘ ሾፕ።»

ግን አሉታው ላይ መንገዱ ይለያያል፣ እባካችሁ እዚህ ተጠንቀቁ። «መሄድ የለብህም» በአማርኛ አትሂድ ማለት ነው፣ ክልከላ ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ጎ» ግን ካልፈለግክ ቅር፣ ግዴታ የለብህም ማለት ነው፤ ብትሄድም ማንም አይቆጣህም። አንድ አስጎብኚ ልጅ ሐረር ውስጥ የጅብ ትርዒት ላይ ለእንግዶች «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ታች ዘ ሃየና» ብሎ ነበር፤ አትንኩ ማለቱ ነው። እንግዶቹ የሰሙት «ካልፈለጋችሁ አትንኩ» ተብሎ ነው፣ አንዷም እጇን ዘረጋች። ደግነቱ ምንም አልደረሰም። ለክልከላ «ዩ መስንት ታች» ወይም በአጭሩ «ዶንት ታች» በሉ። የሃቭ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ፈገግታ ነው የሚያስከትለው፣ ይህኛው ግን አደጋ ሊሆን ይችላል።

ሃቭ ሌላውን ግስ የሚያግዝበትም ቦታ አለ። «አይ ሃቭ ኢትን»፣ በልቻለሁ። ያ ሰፊ ትምህርት ነው፣ ዛሬ አልገባበትም፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ «በልቻለሁ» የሚለውን ቃል ብትፈቱት «በልቼ አለሁ» ነው፣ እዚያም «አለ» ተደብቃለች። ከንብረት ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ይህ ነው፦ ባጃጁ ካለኝ ሦስት ዓመት ሆነ ለማለት «አይ ሃቭ ሃድ ዚስ ባጃጅ ፎር ስሪ ይርስ» ይባላል። ሃቭ እና ሃድ ተከታትለው መምጣታቸው ስህተት አይደለም። «አይ ሃቭ ዚስ ባጃጅ ፎር ስሪ ይርስ» ነው ስህተቱ። «አይቭ ጋት» የምትሰሙት ደግሞ ያው አይ ሃቭ ነው፣ እንግሊዞች ያዘወትሩታል። ስትሰሙ ይግባችሁ፣ እናንተ አይ ሃቭ በሉ። ብቻ «ዱ ዩ ሃቭ ጋት» ብላችሁ አታደባልቁት።

እንዴት ትለማመዱት? ደብተር አያስፈልግም። ጠዋት ስትነሱ ክፍላችሁ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ያዙና ባለቤቱን ብቻ እየቀያየራችሁ በቃል አዙሩት፦ አይ ሃቭ ኤ ባኬት፣ ማይ ማዘር ሃዝ ኤ ባኬት፣ ዊ ሃቭ ኤ ባኬት፣ ሺ ዳዝንት ሃቭ ኤ ባኬት፣ ዳዝ ሂ ሃቭ ኤ ባኬት፣ ዲድ ዜይ ሃቭ ኤ ባኬት። ዕቃውን አትቀይሩ፣ ባለቤቱን ቀይሩ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል፤ አይ ሃቭ ኤ ፔን፣ አይ ሃቭ ኤ ቡክ፣ አይ ሃቭ ኤ ቴብል እያለ የዕቃ ስም ይለማመዳል፣ ሃዝ ግን ሳይነካ ይቀራል። አንድ ሳምንት፣ በቀን አምስት ደቂቃ። ባጃጅ ውስጥ ሰው ስትጠብቁ፣ ሱቅ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ። ድምፅ አውጥታችሁ።

የታይዋኗ ልጅ ከዚያን ቀን በኋላ ከዚራ መምጣት ጀመረች። ወንድሟ ትይዩ ሱቅ አለው፣ እሱም የስልክ ዕቃ ነው የሚሸጠው። በቀደም ሳልፍ አንዲት ቱሪስት ከእሷ ዘንድ የሌለ የስልክ ሽፋን እየጠየቀቻት ነበር። ልጅቷ ትንሽ አሰበች፣ ጣቷን ወደ ማዶ ዘረጋችና «ሶሪ፣ አይ ዶንት ሃቭ ኢት፣ በት ማይ ብራዘር ሃዝ ዋን» አለቻት። ሴትየዋ አመስግና ተሻገረች።